«አጥብቀህ አልያዝከውም»

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቦታው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ የተኩስ መለማመጃ። ስምንት የጥበቃ ሠራተኞች ጆሯቸውን ሸፍነው፣ መነጽር አጥልቀው፣ ከወረቀት ዒላማ ፊት ለፊት ቆመዋል። ከግራ ሦስተኛው ሐበሻ ነው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ዘጠኝ ዓመት በሌሊት ፈረቃ ጥበቃ ሠርቷል፤ አሁን የሚጠብቀው አንድ የወርቅና የሰዓት መደብር ነው።

በዚያ ግዛት ሽጉጥ ታጥቆ የሚጠብቅ ሰው የመሣሪያ ፈቃዱን በየዓመቱ በሥልጠናና በተኩስ ፈተና ማሳደስ አለበት። ያላለፈ ሰው ሥራውን ላያጣ ይችላል። ሽጉጡን ያስቀምጥና ባዶ እጁን በር ላይ ይቆማል። ደመወዙም አብሮ ይወርዳል። ለዚህ ሰው ልዩነቱ በሰዓት 6 ዶላር ነው። በወር ሲደመር 1,000 ዶላር ገደማ፣ ማለትም የቤት ኪራዩ ግማሽ።

ትእዛዝ ተሰጠ። ተኮሰ፤ ደገመ፤ ሦስተኛውንም ተኮሰ። ለአራተኛው ቃታውን ሲስብ ምንም የለም። ዝቅ ብሎ ሲያይ የሽጉጡ ላይኛው ብረት ሳይዘጋ ቆሟል፤ አዲስ ጥይት አፍንጫውን ወደ ውስጥ ወትፎ ተቀርቅሯል፤ ከፊቱ ደግሞ ቀድሞ የተተኮሰው ጥይት ቀለህ ከጉሮሮው ሳይወጣ ተቀምጧል።

ከኋላው ያለው አሠልጣኝ ጮኸ። «አጥብቀህ አልያዝከውም!»

እንደተማረው አደረገ። ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ አሰረው፤ ካዝናውን ነቀለ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አቀባበለ። ቀለሁ ግን አልወጣም። አፈሙዙን ወደ ላይ አዘንብሎ በመዳፉ መታ ሲያደርገው ዱብ ብሎ ወደቀ። ሰዓቱ አልቋል። በዚያን ቀን ይኸው ነገር ሁለት ጊዜ ተደገመበት፤ ሁለቱንም ጊዜ ከኋላው የመጣው ድምፅ ያው ነበር። ወረቀቱ ላይ «አላለፈም» ተጻፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንዲመለስ ተነገረው።

ሰውዬው የጎንደር ገጠር ልጅ ነው። አባቱ ምንሽር ነበራቸው፤ ልጅ ሆኖ ወልውሎላቸዋል፣ ተሸክሞላቸዋል፣ ኋላም ተኩሶበታል። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ሌሎች ሰባት ሰዎች በሚሰሙበት «መሣሪያ መያዝ አትችልም» መባል ከገንዘቡ በላይ ያማል። ወደ ቤቱ እየነዳ ሲሄድ ያሰበው ስለ ሽጉጡ አልነበረም፤ ስለ እጁ ነበር። አርጅቼ ይሆን? ክንዴ ዝሎ ይሆን?

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ቆም ብሎ መታየት አለበት። አሠልጣኙ የተናገረው ፈጽሞ ባዶ አይደለም። እጅ ሲላላ ሽጉጥ እንደሚደናቀፍ የታወቀ ነው። ጥያቄው የዚያን ቀን የታየው መደናቀፍ የትኛው ነው የሚለው ነው። መልሱም ሩቅ አልነበረም፤ ሽጉጡ ላይ በዓይን ይታይ ነበር።

ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ሲተኮስ የሚሆነው ሁሉ ዓይን ተርገብግቦ እስኪመለስ ያልቃል። ባሩዱ ይነድዳል፤ እርሳሱ በአፈሙዙ ይወጣል፤ ግፊቱ ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በላይኛው ብረት ውስጥ አንዲት ጥፍር አለች። የቀለሁን የኋላ ጠርዝ ነክሳ ይዛ ከጉሮሮው ትመዝዘዋለች። ወደ ኋላ ስትጓዝ ከሽጉጡ አካል ጋር የተያያዘ ቋሚ ብረት ቀለሁን ይመታዋል፤ ቀለሁ በቀኝ በኩል ተስፈንጥሮ ይወጣል። ከዚያ ላይኛው ብረት በሞላው ተገፍቶ ወደ ፊት ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት እየገፋ ያጎርሳል።

በምንሽር ይህን ሁሉ የሚሠራው የሰው እጅ ነው። ቀለሁ ቢጣበቅ ተኳሹ እጀታውን በመዳፉ መትቶ ይከፍተዋል፤ ጉልበቱን እንደ ችግሩ መጠን ይጨምራል። በአውቶማቲክ መሣሪያ ግን ይህ ሁሉ የተተወው ከትንሽ ጣት ጥፍር ለማትበልጥ ብረት ነው። ያቺ ብረት ስትስት ጉልበተኛም ሆነ ልምሾ፣ የተኳሹ ክንድ የሚያደርግላት ነገር የለም።

እጅ ሲላላ የሚሆነው ሌላ ነው። ሽጉጡ በሙሉ አብሮ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ላይኛው ብረት መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ተነክሶ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀለህ ነው፤ ወይም ቀለሁ ወደ ጉሮሮው ተመልሶ ይገባና ከኋላው አዲስ ጥይት አይኖርም። ላይኛው ብረት አዲሱን ጥይት ከካዝናው ለማንሳት እስከዚያ ድረስ አልሄደማ።

በሰውዬው ሽጉጥ ውስጥ ግን ከቀለሁ ኋላ አዲስ ጥይት ተወትፎ ነበር። ይህ ማለት ላይኛው ብረት እስከ መጨረሻው ተጉዟል፤ ተመልሶም አዲስ ጥይት አንስቷል። እጁ ሥራውን ሠርቷል። ጥፍሯ ናት ቀለሁን ጥላ የሄደችው። አሠልጣኙ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራምዶ በተከፈተው በር ቢያይ ኖሮ በሦስት ሰከንድ የሚያውቀው ነገር ነበር። አላየም። ሰውን መመልከት መሣሪያን ከመመልከት ይቀልላል መሰለኝ ብሎ የሚያልፍ ሊኖር ይችላል፤ እውነቱ ግን የሚከብደው መሣሪያውን መመልከቱ አይደለም። መሣሪያው ጥፋተኛ ከሆነ የሆነ ሰው መጠገን፣ መክፈል፣ ወይም ፈተናውን እንደገና መስጠት ይኖርበታል። እጁ ጥፋተኛ ከሆነ ግን ማንም ምንም አያደርግም።

ይህች አነጋገር ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ከፍ ባለ ዋጋ ተሞክራለች።

እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 ቬትናም የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ኤም-16 የተባለ አዲስ ጠመንጃ ተሰጣቸው። ቀላል ነው፤ ዒላማ አይስትም፤ ጥይቱም ትንሽ ስለሆነ ብዙ መሸከም ይቻላል። ግን በውጊያ መካከል ቀለሁ ጉሮሮው ውስጥ እየተጣበቀ ይቀር ጀመር። መፍትሔው አንድ ብቻ ነበር፦ የመወልወያ ዘንግ በአፈሙዙ በኩል አስገብቶ ቀለሁን ገፍቶ ማውጣት። የሠለጠነ ዓለም አውቶማቲክ ጠመንጃ በጥይት ናዳ ሥር እንደ ጥንቱ የአፈሙዝ ጎራሽ ጠመንጃ በዘንግ ይጎረጎር ነበር ማለት ነው። ዘንግ ያለው ወታደር ከጠመንጃው ጎን በፕላስተር አሥሮ ይዞት ይዞር ነበር። ብዙዎቹ ዘንግም አልነበራቸውም፤ የመወልወያ ዕቃው በበቂ አልተላከም ነበርና። ጠመንጃው ብዙ ጽዳት አይፈልግም ተብሎም ተነግሯቸዋል።

ቅሬታው ሲበዛ ከላይ የመጣው መልስ «አያጸዱትም» የሚል ነበር።

በሜይ 1967 ኬ ሳን አጠገብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ከተደረገው ውጊያ የተረፈ አንድ የባሕር ኃይል እግረኛ ለቤተሰቡ የጻፈው ደብዳቤ በኒው ጀርሲው የምክር ቤት አባል በጄምስ ሃዋርድ በኩል አደባባይ ወጣ። የሞቱት ጓደኞቹ አብዛኞቹ የተገኙት ሊያስተካክሉት የፈቱት ጠመንጃ አጠገባቸው ሆኖ ነው ይላል። በሚዙሪው ተወካይ በሪቻርድ አይኮርድ የሚመራ የምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ፤ ኦክቶበር 1967 ላይም ሪፖርቱን አወጣ።

የተገኘው ነገር ለየት ያለ ምሥጢር አልነበረም። ዩጂን ስቶነር የነደፈው ጠመንጃ መጀመሪያ የተሞከረው በአንድ ዓይነት ባሩድ ነው። ኋላ ግን ሠራዊቱ በ1964 ጥይቱን በሌላ ዓይነት ባሩድ ማስሞላት ጀመረ። አዲሱ ባሩድ ጠመንጃውን ከታሰበለት በላይ ያፈጥነዋል፤ ጥላሸቱም ይበዛል። ጠመንጃው ሲፈጥን ጥፍሯ ቀለሁን የምትስበው ገና ሳይቀዘቅዝና ሳይለቅ፣ በግፊቱ አብጦ ከጉሮሮው ግድግዳ ጋር እንደተጣበቀ ነው። ጥፍሯ ወይ ጠርዙን ቀዳ ትሄዳለች፣ ወይ ተንሸራትታ ትሄዳለች። በዚያ ላይ ጉሮሮው ክሮም አልተለበጠም። ከእሱ በፊት የነበረው ኤም-14 ተለብጦ ነበር። በቬትናም እርጥበት ያልተለበጠ ብረት ይዝጋል፤ የዛገ ብረት ይቦረቦራል፤ የተቦረቦረው ውስጥ የናሱ ቀለህ ይነክሳል። ወታደሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢወለውለው ይህን አያስተካክለውም።

ኮሚቴው የሠራዊቱ ኃላፊዎች ችግሩን እያወቁ አለማረማቸው ከወንጀል ቸልተኝነት የሚጎራበት ነው እስከማለት ደረሰ። ጉሮሮው ክሮም ተለበጠ፤ ባሩዱ ተስተካከለ፤ የመወልወያ ዕቃው ተላከ፤ ታዋቂው ሠዓሊ ዊል አይስነር የሣለው የጽዳት መመሪያም ለወታደሩ ታደለ። ጠመንጃው ዛሬም፣ ከነልጅ ልጆቹ፣ አገልግሎት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ክላሽ የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የክላሽ ቀለህ ወደ ፊት እየቀጠነ የሚሄድ ሾጣጣ ነው፤ ገና ንቅንቅ ሲል ከግድግዳው ይላቀቃል። ጥፍሩም ወፍራም ነው፤ ጉሮሮው ደግሞ ክሮም የተለበጠ። «ክላሽ አይነክስም» የሚባለው በተአምር አይደለም፤ ወታደሩ ጭቃ ውስጥ ይዞት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ታስቦ ስለተሠራ ነው። ተጠቃሚው ፍጹም እንዲሆን የሚጠይቅ መሣሪያና የተጠቃሚውን ድካም ቀድሞ ያሰበ መሣሪያ አንድ አይደሉም። (መብራት በጠፋ ቁጥር «ምድጃ ስላበዛችሁ ነው» የሚባል ሰፈር ልጆች ይህን ልዩነት ለመረዳት ማስረጃ አይፈልጉም።)

ወደ ሰውዬው እንመለስ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ያጠፋው እጁን በመጠራጠር ነው። የጎማ ኳስ ገዝቶ ሲጨምቅ ሰነበተ። ሚስቱ ስታየው «ምን ሆነሃል?» አለችው፤ «ለደም ዝውውር ነው» አላት። እሑድ ዕለት ሄዶ ሁለት ፓኮ ጥይት ተኮሰ። እጁ እስኪቀላ ጨብጦ ሳለ አራት ጊዜ ቀለህ ቀረበት። ያኔ ነው ትንሽ የተጠራጠረው።

በማግሥቱ አንድ የሥራ ባልደረባውን ለመነው። ባልደረባው ናይጄሪያዊ ነው፤ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፤ ፈተናውን ሁልጊዜ በአንደኛነት የሚያልፍ። «እስኪ አንተ ተኩስበት።» ተኮሰ። በሦስተኛው ካዝና ላይ ያው ቀለህ፣ ያው ውትፍ። ናይጄሪያዊው ሽጉጡን ገልብጦ አየውና ሳቀ። «ወንድሜ፣ ታዲያ የእኔም እጅ ደካማ ነው ማለት ነው?»

ይህ ሰው ከሞከራቸው ነገሮች ሁሉ ብልሁ ይህ ነበር፤ ዋጋውም አንድ ማኪያቶ። ችግሩ ከሰው ጋር ከሄደ ሰውየው ነው፤ ከዕቃው ጋር ከቀረ ዕቃው ነው። ከዚያ በኋላ በየተራ ሄደበት። ጥይቱን ለወጠ፤ ያው ነው። ካዝናውን ለወጠ፤ ያው ነው። ጉሮሮውን በናስ ብሩሽና በማሟሟቻ አጥቦ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ወለወለ፤ ያው ነው። በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለውጠው። ሁሉንም ባንድ ቀን ለውጦ ቢድን ኖሮ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው በደርግ ጊዜ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ የሠሩ ናቸው፤ አሁን አርሊንግተን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ነው የሚውሉት። ሰውዬው ሽጉጡን ቤት ትቶ በፕላስቲክ ከረጢት ቀለሆች ብቻ ይዞላቸው ሄደ፤ ተቀርቅረው የቀሩትን ለይቶ አስቀምጦ ነበር።

«ጋሼ፣ እስኪ እነዚህን ይዩልኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንዱን ቀለህ ወደ መብራቱ አስጠጉ። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰሱ። ሌላ አነሱ፤ ሌላ።

«ጠርዙ ደህና ነው፤ አልተቀደደም» አሉ።

«ያ ምን ማለት ነው?»

«ቀለሁ ውስጥ ተጣብቆ ጥፍሩ ታግሎ ቢሆን ናሱን ይቦጭረው ነበር። ብረት ከናስ ጋር ሲታገል ምልክት ይተዋል። ይሄ እኮ አልተነካም። ጥፍሩ አልነከሰም ልጄ፤ ዳብሶት ነው የሄደው። ቀለሁን ስታወጣው አስቸገረህ?»

«ኧረ! አዘንብዬ መታ ሳደርገው ወደቀ።»

«እንግዲያ ጨርሰኸዋል። ጉሮሮው አልያዘውም። ጥፍሩን እየው።» ትንሽ አሰቡና ጠየቁ፦ «የትኛው ሽጉጥ ነው?»

ሽጉጡ የ1911 ዓይነት ነው። የነደፈው ጆን ብራውኒንግ፤ የአሜሪካ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በማርች 1911 ተቀብሎት እስከ 1985 መደበኛ ሽጉጡ አድርጎ ይዞት ቆይቷል። ከመጽደቁ በፊት በተደረገው ፈተና 6,000 ጥይት ተተኩሶበት አንዴም እንዳልተደናቀፈ ይታወቃል። የሰውዬው ግን የዚያ ዘመን ሥራ አይደለም፤ ንድፉን ተከትሎ ሌላ ፋብሪካ በርካሽ የሠራው፣ እሱም ከሱቅ ሁለተኛ እጅ የገዛው ነው።

የ1911 ጥፍር ከብዙዎቹ የዛሬ ሽጉጦች ይለያል። በዛሬዎቹ ጥፍሯ ከጎን ትታያለች፤ ከኋላዋ የራሷ ትንሽ ሞላ አላት፤ ሞላው ሲደክም ሞላው ይለወጣል። በ1911 ጥፍሩ በላይኛው ብረት ሆድ ውስጥ የተጋደመ ረዥም ዘንግ ነው፤ ሞላ የለውም፤ ራሱ ሞላ ነው። በትንሹ ጎበጥ ተደርጎ ስለሚገባ ጉብጠቱ ነው ቀለሁን የሚያስነክሰው። ጉብጠቱ ከጠፋ መንከሱም ይጠፋል። ሲታይ ግን ምንም አልሆነም፤ አልተሰበረም፤ አልተሸረፈም። የዚህ ሕመም መጥፎነት እዚህ ላይ ነው። የባሰው ደግሞ ጥፍሩ ደክሞም ሽጉጡ አብዛኛውን ጊዜ መሥራቱ ነው፤ የተረፈው የጋዝ ግፊት ቀለሁን በራሱ ወደ ኋላ ሊገፋው ይችላልና። ሃያ ጥይት በሰላም ይተኮስና በሃያ አንደኛው ይከዳል። ሃያ አንደኛው ደግሞ ፈተና ላይ ሊሆን ይችላል፤ የወርቅ መደብሩ በር ላይም ሊሆን ይችላል።

ሽማግሌው የነገሩት ሙከራ ቀላል ነበር። ሽጉጡን ባዶ መሆኑን አረጋግጦ መፍታት፤ ላይኛውን ብረት ለብቻው መያዝ፤ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ጠርዙን ከጥፍሩ ሥር ማንሸራተት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መወዝወዝ። ደህና ጥፍር ጥይቱን ይዞ ይቆያል። ሰውዬው ማታ የወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ሞከረው። ለመወዝወዝም አልደረሰም። እጁን ከጥይቱ ላይ ሲያነሣ ጥይቱ ጋዜጣው ላይ ወደቀ።

ጥፋቱ ከእጁ ላይ ወረደለት። ደስ አለው፤ ያንን ኳስ ለልጁ ሰጠው። ታሪኩ ግን እዚህ ቢያልቅ ለሰውዬው ጥሩ ነበር።

በማግሥቱ ለሽማግሌው ሲደውል አንድ ጥያቄ ጠየቁት። «ጥይት የምታጎርሰው እንዴት ነው?»

ነገራቸው። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ስለሆነ ጠዋት ፈረቃው ሲያልቅ ሽጉጡን ባዶ ያደርጋል። ማታ ሲገባ አንድ ጥይት በጣቱ ጉሮሮው ውስጥ ይጨምርና ላይኛውን ብረት ይለቅበታል፤ ከዚያ ሙሉ ካዝና ይከትታል። እንዲህ ሲደረግ አንድ ጥይት ይተርፋል። የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ የነበረ አለቃ ነው ያስተማረው።

ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። «ልጄ፣ በዚህ ሽጉጥ እንደዚህ አይደረግም» አሉ ሽማግሌው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጥይት ከካዝና ሲመጣ ጠርዙ ከታች ወደ ላይ እየተንሸራተተ ከጥፍሩ ሥር ይገባል፤ ጥፍሩ አይንገላታም። ጥይቱ አስቀድሞ ጉሮሮው ውስጥ ተቀምጦ ላይኛው ብረት ሲለቀቅበት ግን ጥፍሩ በሙሉ ኃይል ጠርዙን ዘሎ ማለፍ አለበት። የ1911 ጥፍር ለዚያ አልተሠራም። በየሌሊቱ አንድ ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ጊዜ፣ ለሁለት ዓመት፤ ብረቱም ርካሽ። ጉብጠቱ ቀስ በቀስ ተቃና።

ስለዚህ እጁ ነበረበት። አሠልጣኙ ባለው መንገድ ሳይሆን በሌላ መንገድ፤ ሲተኩስ ሳይሆን ሲያጎርስ። ለሰውዬው ይህ ከመጀመሪያው ስድብ ይልቅ ለመዋጥ የከበደው ነገር ሆነ። ስድቡን ሐሰት ነው ብሎ መቆጣት ይችል ነበር፤ ይህን ግን በገዛ ጣቱ ሲሠራው የኖረው ነው። ደግሞም ማንም አልነገረውም ማለት ብቻውን አይበቃም፤ አስተምሮታልና፤ ስሕተቱን አስተምሮታል። በየዓመቱ ፈተና ሲቀመጥ ስንት እንደመታ ተቆጥሮለታል፤ ሽጉጡን እንዴት እንደሚያጎርስ ግን በዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው አይቶት አያውቅም። የአሠልጣኙ ጥፋት «ጥፋቱ ያንተ ነው» ማለቱ ብቻ አልነበረም። እውነተኛው ጥፋት አጠገቡ እያለ የተሳሳተውን ማንሣቱ ነው፤ ያኛው ቢነገረው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይታረም ነበር።

ጥገናው አጭር ነው። መጀመሪያ በቪዲዮ እንዳየው ዘንጉን አውጥቶ ራሱ በትንሹ አጎበጠው። የጠረጴዛውን ሙከራ አለፈ፤ መቶ ሃምሳ ጥይት ያህልም በሰላም ተኮሰ። ከዚያ ያው ቀለህ ቀረ። አንዴ የላላ ደካማ ብረት የተሰጠውን ጉብጠት ይዞ አይቆይም። ወደ ጠመንጃ ጠጋኝ ወስዶ ከጥሩ የሞላ ብረት የተሠራ አዲስ ጥፍር አስገባ። ዕቃው 35 ዶላር፤ ጠጋኙ አስተካክሎ ለመግጠም 60 ወሰደ። ሦስት መቶ ጥይት ተኮሰበት፤ ሁሉም ቀለህ በቀኝ በኩል፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ክምር ሠራ። ማጎረሱንም ለወጠ፤ አሁን ከካዝና ነው። አንድ ጥይት ለማትረፍ ከፈለገ ካዝናውን መልሶ አውጥቶ ይሞላዋል።

ሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ተመለሰ። ያው ቦታ፣ ያው አሠልጣኝ። ከግራ አምስተኛ ላይ አቆሙት። ትእዛዝ ሲሰጥ ተኮሰ፤ ካዝና ለወጠ፤ ተኮሰ። የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ ላይኛው ብረት ተከፍቶ ቆመ፤ ጉሮሮው ባዶ ነው።

አሠልጣኙ ከኋላ መጥቶ ትከሻውን ቸብ አደረገው። «አየህ? አጥብቀህ ስትይዘው እኮ ይሠራል።»

ሰውዬው አንድ ነገር ሊመልስ አፉን ከፈተ። ወረቀቱ ገና አልተፈረመም ነበር። ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር አንድ ቀለህ አነሣ፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ኪሱ ከተተው።